ማዳመጥ፣ ሠላሳ ነጥብ

ሴፕቴምበር 29

ከትምህርት ቤቱ በር ወረድ ብሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል ተከራይተን ከገባን አንድ ወር ሊሞላን ነው። አንድ አልጋ ለልጄ ለዩሄ፣ አንድ ታጣፊ አልጋ ለእኔ፣ በመሀል መጋረጃ። ሕንፃው በሙሉ የእኛ ቢጤ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቻቸውን ተከትለው የመጡ እናቶች ሞልተውበታል። አባት እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ ሚንፌን ኒንግቦ ከተማ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የመስመር ኃላፊ ናት። የእኔ ጋዜጣ ባለፈው ጸደይ ስለተዘጋ የቤቱ ደመወዝ የእሷ ነው፤ ሾርባው ለእኔ ደረሰ። ሃያ ስድስት ዓመት የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ አሁን ጨው አርማለሁ።

የወሩ ፈተና ውጤት መጣ። እንግሊዝኛ ማዳመጥ፣ ከሠላሳ ሃያ ሰባት።

«ሦስቱ የት ሄዱ?» አልኳት።

«አባዬ፣ ሃያ ሰባቱ ከየት መጡ አይባልም?» አለችና ኑድሏን መብላት ቀጠለች።

አንድ ነጥብ ሺህ ሰው ትጥላለች ይሉ የለ? ማዳመጡ ከሌላው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተለይቶ በጃንዋሪ ይሰጣል። ሠላሳው ነጥብ የዚያን ቀን ይቆረጣል፤ በጁን ሌላውን ሁሉ ብትደፍን እንኳ ማዳመጡን መልሳ አታገኘውም። የምትመኘው የክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ነጥብ የሚጥልን ሰው አይቀበልም።

ኦክቶበር 3

ለብሔራዊው በዓል ሚንፌን መጣች። ሦስት ቀን ብቻ። ማታ እናትና ልጅ አንድ አልጋ ላይ ተኙ። ሲያንሾካሹኩ ከመጋረጃው ወዲህ ይሰማኝ ነበር፤ በትክክል ለመጻፍ፣ ሚንፌን ስታንሾካሹክ ነው የሰማሁት። ልጅቷ ቀድማ እንቅልፍ ወሰዳት መሰለኝ፣ ምንም አልመለሰችም።

ጠዋት ሚንፌን ዐይኗ አብጦ ነበር። «ልጅህ እኮ አድጋለች» አለችኝ። «ያን ያህል ነገር ነግሬያት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።»

ኦክቶበር 14

ማዳመጥ አሥራ ስድስት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ነጥብ የሚወድቅ ሰው ምን ሆኖ ነው? ጠየቅኳት። የመቀመጫ ረድፎቹ በተራ ስለሚዞሩ አሁን በኮሪደሩ በኩል ነው የምቀመጠው፣ ብርድ ይገባል አለች። ብርድ ጆሮ ይደፍናል እንዴ አልኩ። አየችኝና ወደ መጋረጃዋ ገባች። ከኋላዋ ሁለት ጊዜ ጠራኋት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ።

ባለፈው ኤፕሪል፣ እኛ የመጨረሻውን እትም በምናወጣበት ሰሞን፣ ጆሮ ደግፍ ይዟት አንድ ሳምንት ተኝታ ነበር። ያመለጣትን ትምህርት በጋውን ሙሉ ስትለቅም ከረመች። ምናልባት ከዚያ የቀረ ክፍተት ይሆናል። ወይም ስልኩ ነው። ወይም ልቧ ሌላ ቦታ ነው።

ከነገ ጀምሮ በየማታው አንድ ሙሉ የማዳመጥ ልምምድ። ለአእምሮ ይጠቅማል የሚሉትን ዋልነት መግዛት። የዓሣ ጭንቅላት።

ኦክቶበር 23፣ በድሮው ቀመር የውርጭ መውረጃ ቀን

ልምምዱን ጀምረናል። ትንሿን ማጫወቻ ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጣለን። ቅጂው ሁሉ የሚከፈተው በአንድ ምሳሌ ነው፤ አንዲት ሴት የሸሚዝ ዋጋ ትጠይቃለች፣ ሻጩ ይነግራታል። እትዬ ባኦ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ከታች ከማጆንግ መጫወቻ ጠረጴዛዋ ሆና ይህንን በሰማች ቁጥር ትጮሃለች፦ «ጋዜጠኛው! ሸሚዙ ዛሬም አልረከሰም?»

እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከመጽሐፍ ስለሆነ አነባለሁ እንጂ አልሰማም። አንብቦ መረዳቱን ግን አብሬያት እሠራለሁ። ዛሬ ስለ አንድ የባሕር መብራት ማማ ጠባቂ የተጻፈ ምንባብ ነበር። «የጸሐፊው ዋና ሐሳብ የቱ ነው?» ለሚለው እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ መልሱ አራተኛው ነው።

«ስሕተት ነው» አልኩ። «ሰውየው የጻፈው ስለ ብቸኝነት ነው። ስለ ሥራ ፍቅር አይደለም።»

«አባዬ፣ አንተ ከራስህ ጨመርክበት። መልሱ ከምንባቡ ውስጥ ነው መውጣት ያለበት፣ ከሆድህ አይደለም።»

«ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳነብ...»

«ለዚህ እኮ ነው የምትሳሳተው። የሚያሳስብህን ነገር ይዘህ ትገባለህ።»

ሳቅሁ። ከዚያ የተለመደው ነገር ተነሣ፤ የምትመርጠው ትምህርት። ጋዜጠኝነት ትላለች። ሒሳብ አያያዝ እላለሁ።

«ጋዜጣ ሞቷል ልጄ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ሬሳውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።»

የዚህን መልስ ነገ አገኛለሁ።

ኦክቶበር 30

ሃያ ሁለት። ረድፎቹ ዞረው መሀል ላይ ናት። ዋልነቱ እየሠራ ይሆን? እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ምድጃው ላይ ሾርባ አለ። የማንቂያ ደወሉን ሳትሰማ ቀረች፤ ትከሻዋን ነቅንቄ ነው የቀሰቀስኳት። በቀኝ ጎኗ ተኝታ እንደ ድንጋይ። ከታች ማጆንጉ እስከ እኩለ ሌሊት ሲንኳኳ እኔ ዐይኔ አልተከደነም። ታድላ።

ኖቬምበር 8

ሃያ ስድስት! መስኮቱ ጋ ተመልሳለች። ከመስኮቱ በታች የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ። «መስኮቱን ትወጂዋለሽ?» አልኳት። «በጣም» አለች። ፊቷ በራ። ይህንን በራስ ምታት ነው የጻፍኩት። ሜዳው ላይ የሚጫወተው ማን ነው?

ከትምህርት ቤት ስንመለስ ያው ልማዷ። እኔ በመኪናው መንገድ በኩል፣ እሷ በሱቆቹ በኩል ሆነን እንጀምራለን። ሦስት እርምጃ ሳንሄድ ከኋላዬ ዞራ በግራዬ ትገባለች፣ መኪና ወዳለበት። ሞተር ሳይክል ይገጭሻል ብዬ እጎትታታለሁ፤ ተመልሳ ትዞራለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ያስጠጋትን ጎን እንደማትፈልግ ማሳየት የዕድሜው ነገር ይሆናል።

ኖቬምበር 15

የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ቹ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፤ ሁልጊዜም ቀስ ሲሉ ነው የምፈራቸው።

«አቶ ካን፣ ዛሬ ሞዴል ፈተና ነበር። እንደ ዋናው ፈተና በዕጣ ነው ያስቀመጥናቸው። በማዳመጡ ጊዜ ዩሄ አንገቷን ወደ ጎረቤቷ ወረቀት አዙራለች። አንዴ አይደለም። ፈታኙ አስጠንቅቋታል፣ እኔም ፈርሜበታለሁ።»

«የእኔ ልጅ?»

«በጃንዋሪ ካሜራ አለ። አንገት ካዞረች ነጥቧ ይሰረዛል፤ ማዳመጡ ብቻ አይደለም። ያነጋግሯት።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ወጥ ቤት ቆሜ ቀረሁ። ዓሣው አረረ።

ኖቬምበር 16

አነጋገርኳት። አነጋገርኳት አይባልም፤ ጮህኩባት። በጋዜጣ ቤት ሰውን በአደባባይ ገሥጬ አላውቅም ነበር።

«ኮርጀሻል?»

«አልኮረጅኩም።»

«ታዲያ አንገትሽ ለምን ዞረ?»

«ዞረ።»

«ወደ ማን?»

«ወደ ማንም።»

«ወደ ማንም አንገቱን የሚያዞር ሰው አለ?»

ከንፈሯን ነክሳ ጫማዋን አየች። ከዚያ በሌላ ሰው ድምፅ፣ «ሁለተኛ አይዞርም» አለችኝ።

ደረጃው ላይ አራት ቁጥር ክፍል የምትኖረው እናት ለሌላዋ ስትናገር ሰማሁ፦ «አባት የሚያሳድጋት ልጅ እንዲህ ናት። ሾርባ ይሠራል እንጂ ልጅቷን ያውቃታል?» ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። እኔም ደህና ዋላችሁ ብዬ አለፍኩ። ሾርባዬን እንኳ ቀምሰውት አያውቁም።

ኖቬምበር 20

የመንደር ዶሮ እንቁላል በጭድ ጠቅልዬ መምህርት ቹ ዘንድ ሄድኩ። እንቁላሉን አልተቀበሉም፤ ጉዳዬን ሰሙ። ዩሄ ከመስኮቱ እንድትርቅ፣ በኮሪደሩ በኩል በቋሚነት እንድትቀመጥ ለመንኩ። ሜዳው ያማልላታል፣ ኮሪደሩ ጋ ግን መምህራን ስለሚያልፉ ትታረማለች አልኳቸው።

ሴትዮዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «የሚገርም ነው። ዓመቱ ሲጀመር ራሷ መጥታ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ አድርጉኝ ብላ ለምናኝ ነበር። ሁሉም ይዞራል ብዬ መለስኳት።»

«የምፈራው እሱን ነው።»

«እንግዲህ አባት ካለ...» አሉና ጻፉ።

ማታ ስነግራት ዱላ የቀመሰች ያህል አየችኝ። አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። «እሺ» ብቻ አለች።

ትክክል ሠርቻለሁ። አንድ ሰው መጨከን አለበት።

ዲሴምበር 2

አሥራ አራት። ወደ ሚንፌን አልደወልኩም።

ዲሴምበር 9

አሥራ ሦስት። አንብቦ መረዳቱ ግን ከመቼውም በላይ ነው፤ አንዲት ጥያቄ ብቻ ሳተች። በጽሑፍ የመጣላትን ሁሉ ትይዛለች፣ በድምፅ የመጣው ይፈስባታል። ይህን ለመምህርት ቹ ስነግራቸው፣ «ጭንቀት ነው፣ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው» አሉኝ። እኔም ጭንቀት ነው አልኩ። ሐረጉ ይመቻል፤ ለሁሉ ነገር ይሆናል። በእኛ ጋዜጣ «በቴክኒክ ችግር» የምንለውን ይመስላል።

ከስታለች። አገጯ ሾሏል። ትናንት ኑድል ስትበላ በግራዋ ቆሜ ኮምጣጤ ልጨምርልሽ ወይ አልኳት። መልስ የለም። ጨመርኩት። «ማን ኮምጣጤ ጨመረ?» ብላ ደነገጠች። ልቧ የት እንደሚውል እንጃ።

ጃንዋሪ ስምንት ደረሰብን።

ዲሴምበር 14

ሚንፌን የላከችው ማዳመጫ ደረሰ። ገመድ የለውም፤ ሁለት ነጭ ባቄላ የሚያህሉ፣ በጆሮ የሚሰኩ ናቸው። ዩሄ አልተደሰተችም። «የትንሿ ማጫወቻ ድምፅ ይበቃኛል» አለች።

«እናትሽ ስንት ሸሚዝ ሰፍታ የገዛችው ነው።»

ሁለቱንም ሰካች። ድምፁን ራሷ እስከ መጨረሻ ከፍ አደረገች። እኔ ከጎኗ ሆኜ የንግግሩን ጽሑፍ በዐይኔ እከተላለሁ፤ ስልኩ ላይ የሚያልፈው ሰዓት የቱ ጋ እንደደረሱ ይነግረኛል። ደህና እየሄደች ነበር። አምስተኛውን መለሰች፣ ስድስተኛውን መለሰች። ሰባተኛው ላይ እስክሪብቶዋ ቆመ። ስምንተኛው አለፈ፤ አልተንቀሳቀሰችም። ዘጠነኛውም።

ቀኙን ከጆሮዋ አውጥቼ በራሴ ጆሮ አደረግኩት። ጭጭ። ባትሪው አልቋል፤ በደንብ ሳልሞላው ነበር የሰጠኋት።

«ታዲያ ግራው ይሠራ የለ? በእሱ ለምን አትቀጥዪም?» ብዬ ግራውን ነቀልኩ። ወደ ጆሮዬ ሳላደርሰው፣ መዳፌ ላይ እያለ ድምፁ ተሰማኝ። አንዲት ሴት የባቡር ሰዓት ትጠይቃለች፣ ሰውየው ይመልስላታል። ይጮሃሉ ማለት ይቻላል። ይህ ሁሉ ሲባል የነበረው እዚያው ጆሮዋ ውስጥ ነበር፤ ልጄ ግን ባዶ ወረቀት ታያለች።

ወንበሯን ዞሬ በግራዋ ቆምኩ። «ዩሄ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ። ወረቀቱን እያየች ነው።

እንደገና ጠራኋት።

ወደ ቀኟ ዞርኩ። «ዩሄ።»

«አቤት አባዬ» አለች፣ ሳትዞር።

ከታች እትዬ ባኦ ማጆንጓን ትበትናለች።

ዲሴምበር 15

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። እንደ አራሚ ነው ያነበብኩት። አንድም የተደበቀ ነገር የለም።

ዲሴምበር 17

ከተማው ሆስፒታል። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ፊታችንን እያየ ስለሚናገር ወደድኩት። ዩሄን መስታወት ካለው ሳጥን መሰል ክፍል ውስጥ አስገብቷት ወረቀት ላይ የመስማቷን ልክ በመስመር አወጣ። የቀኙ መስመር ከላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የግራው ከታች ወድቋል።

«ጆሮ ደግፍ ይዟት ያውቃል?»

«ባለፈው ኤፕሪል» አልኩ።

«ያኔ ጆሮዋን ታይታ ነበር?»

«አልታየችም።»

ጻፈው።

ነርቩ ስለሆነ አይመለስም አለ። ቀኙ ጤነኛ ነው፣ ይጠበቅ። ለፈተናው የሚሆን ምስክር ወረቀት ይጻፍልን ብዬ ጠየቅኩ። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ደንቡ የሚያየው የተሻለውን ጆሮ ነው፤ አንድ ጆሮ ያለው ሰው በወረቀት ላይ ሙሉ ሰው ነው።

በአውቶቡሱ ስንመለስ መስኮቱን ይዛ ተቀመጠች። ግራዋ ወደ እኔ ስለሆነ ዝም ብለን መጣን።

ዲሴምበር 18

ነገሩን ለመምህርት ቹ ነገርኳቸው። ተነሥተው ባዶው ክፍል ውስጥ ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ማጉያው ከጥቁር ሰሌዳው በስተግራ፣ በመስኮቱ በኩል ተሰቅሏል። ኮሪደሩ ጋ ባለው የዩሄ ወንበር ተቀመጡና ቀና ብለው አዩት። በግራ ጎናቸው ነው። ቀኛቸው ግድግዳ።

«አንገቷን አዞረች ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ወንበሩን የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«ነገ ወደ መስኮቱ ትመለሳለች። የሚያጉረመርም ወላጅ ካለ ወደ እኔ ይላኩት።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «የጃንዋሪው ግን በዕጣ ነው። የት እንደምትቀመጥ እሷም የምታውቀው ስትገባ ነው። አንገት ደግሞ...»

«አንገት አይዞርም» አልኩ።

ለሚንፌን ደወልኩ። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ፈራች። «ስማ፣ ለማንም እንዳትናገር። ነገ ለባል የምትታይ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ የሚጠይቀውን የጸደዩን የጤና ምርመራም በዘዴ ታልፋለች፤ ሐኪሙ ሲያንሾካሹክ ከኋላዋ የሚቆም ጓደኛ ትከሻዋን ቢነካላት ይበቃል።» እሺም እንቢም አላልኩም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች። ፋብሪካው ጫጫታ ውስጥ ናት።

«በበዓሉ ጊዜ አብሬያት ስተኛ በየት በኩል ነበርኩ?»

«በግራዋ» አልኳት።

ስልኩን አልዘጋችም። የልብስ ስፌት መኪኖቹን ሰማሁ።

ዲሴምበር 21፣ የዓመቱ አጭሩ ቀን

እትዬ ባኦ ትልቅ ሳህን ሙሉ ጂያኦዚ፣ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ይዛ በራችንን በክርኗ ከፈተች። ራሷ ናት የጠቀለለቻቸው፣ ጆሮ ጆሮ ይመስላሉ። «ብሉ! በዛሬዋ ቀን ጂያኦዚ ያልበላ ሰው ጆሮው በውርጭ ይረግፋል!»

ሳህኑን ተቀበልኳት። በየዓመቱ ሁሉም ቤት የሚባል ነገር ነው፤ እኔም በልጅነቷ ስንት ጊዜ ብያታለሁ።

ዩሄ ናት የሳቀችው። «እትዬ፣ ለእኔ ግማሽ ሳህን ይበቃኛል።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ግራው ረግፏል። ለቀኙ ብቻ ነው የምበላው።»

እትዬ ባኦ አፈጠጠችባት፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ መልሳ እሷን። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ከታች ስጮህ የማትመልሺልኝ ለዚህ ነው? ጥጋብ መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ ስረግምሽ ከረምኩ!» አለችና ተቀመጠች። «በይ ሁሉንም ብዪ። እርግማኔን የምመልሰው በምን አፌ ነው?»

ሙሉውን ሳህን በላች። ከመከር ወዲህ እንደዚህ ስትበላ አላየኋትም።

ዲሴምበር 28

ልምምዱን የቀየረችው ራሷ ናት። ማጫወቻውን በግራዋ፣ ራቅ አድርገን እናስቀምጣለን። በቀኟ እኔ ማንቆርቆሪያ አፈላለሁ፣ ጎመን እከትፋለሁ። «ከሁሉም የከፋው ወንበር ቢደርሰኝስ? እሱን እንልመድ» አለች። አንገቷ ቀጥ ብሎ፣ ዐይኗ ወረቀቱ ላይ። ጥያቄዎቹን ቀድማ ታነባለች፤ የሚያመልጣትን ከምርጫዎቹ ትገምታለች። ትናንት አሥራ ሰባት፣ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ። መስኮቱ ጋ ብትቀመጥ ሃያ ሰባት። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው ልዩነት ዩኒቨርሲቲዋ ነው።

ጎመኑን እየከተፍኩ ጠየቅኳት፤ በቀኟ ሆኜ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እስክሪብቶዋን ከደነች። «የጸደዩ ምርመራ ላይ ሐኪሙ ከኋላ ቆሞ ቁጥር ያንሾካሹካል። አንድ ጆሮው የማይሰማ ሰው ባይማራቸው ይመረጣል የሚሏቸው ትምህርቶች አሉ። ጋዜጠኝነት አንዱ ነው።»

ቢላው ቆመ።

«እኔም ስንት ጊዜ ተይው ብዬሻለሁ» አልኩ።

«አንተ ተይው ስትለኝ እከራከርሃለሁ። ጆሮዬ ተይው ሲለኝ ከማን ጋር ልከራከር?»

ይህን መልስ ሳስብ ጎመኑ እንደ አቧራ ደቀቀ። ማታ ጥናት ስትሄድ ደንቡን ፈልጌ አነበብኩት። «ባይማር ይመረጣል» ነው የሚለው። «ይመረጣል» የሚለውን «ይከለከላል» ብሎ የሚያመጣ ሪፖርተር በነበረ ጊዜ ወረቀቱን በቀይ መልሼለታለሁ። ስትመለስ አሳየኋት። ምርመራው ላይም ከኋላዋ የሚቆም ሰው እንደማይኖር ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «አንተ እኮ የውሸት ነገር ሲታተም ያምሃል።»

ካለፈው ሳምንት ወዲህ የሒሳብ አያያዝን ስም አንሥቼ አላውቅም።

ጃንዋሪ 7

ሁለት ጥቁር እርሳስ ተቀርጿል። ላጲስ። የመታወቂያ ካርድ። የፈተና ካርድ። ወፍራም ካልሲ። ዋልነት የለም፤ በቃኝ ብላለች።

ሚንፌን ደወለች፤ «በቀኝ ጆሮሽ ያዢው» ብላ ጀመረች። ምን እንዳለቻት አላውቅም። ረዥም ነበር፤ ዩሄ መለሰችላት።

ጃንዋሪ 8

ከተማው ትንፋሹን ዋጠ። ፖሊሶች መንገዱን ዘግተው ጥሩምባ የሚነፋ መኪና የለም። ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ የሚሸጠው ሰው ማጉያውን አጥፍቶ ከጋሪው ላይ በእጅ ምልክት ይሸጣል። የሚሠራው ሕንፃ ክሬኑ ቆሟል። እትዬ ባኦ የማጆንግ ጠረጴዛዎቿን በብርድ ልብስ ሸፍና ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ውሻዋ እንዳይጮህ አጥንት በአጥንት ላይ ትሰጠዋለች። «ይህ ውሻ ከዚህ ፈተና በኋላ በውፍረት እኔን ይበልጣል» አለችኝ በሹክሹክታ።

በሩ ላይ ከእናቶቹ ጋር ቆምኩ። የአራት ቁጥሯ እናት ሙቅ ውኃ ሰጠችኝ። ከግቢው ውስጥ፣ በጣም ከሩቅ፣ የምናውቃት ሴት የሸሚዝ ዋጋ ስትጠይቅ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ቃሉ አይለይም።

ሲወጡ ከመሀል ነበረች። ፊቷን ማንበብ አልቻልኩም፤ አልሞከርኩምም። ወደ ቀኟ ሄድኩ።

«በየት በኩል ደረሰሽ?»

«ኮሪደሩ ጋ። የመጨረሻው ረድፍ።»

ቦርሳዋን ተቀበልኳት።

«ፈታኟ ፖስታውን ሳትቀድ እጄን አወጣሁ» አለች። «ሁሉም ዞረው አዩኝ። ‹ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ ድምፁ በግራዬ ነው የሚመጣው። አንገቴ ከዞረ ድምፁን ፍለጋ ነው። ዐይኔን ይመልከቱልኝ፣ ወረቀቴ ላይ ነው› አልኩ።»

«እንደዚህ ብለሽ? በዚያ ሁሉ ሰው መሀል?»

«ጮክ ብዬ። የራሴን ድምፅ መጠን በደንብ ስለማላውቅ ትንሽ ሳይበዛ አልቀረም።»

«እሷስ?»

«‹ደንቡ አይፈቅድልሽም፣ አንገትሽን ያዢ› አለችኝ። ከዚያ ማዳመጡ ሲጀመር መጥታ በእኔና በጎረቤቴ ወንበር መሀል ቆመች። ጀርባዋን ለእሱ ሰጥታ። እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም። ባዞርም የማየው የእሷን ካፖርት ነበር።»

«አዞርሽ?»

«ሁለት ጊዜ። ካፖርቷ ቡናማ ነው።»

ትንሽ ሄድን። «ሦስቱን ገምቻለሁ» አለች።

«አልጠየቅኩሽም።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የነገርኩህ።»

መንገዱ ተከፍቶ መኪኖቹ የዋጡትን ጥሩምባ ሁሉ ባንዴ ለቀቁት። እኔ በቀኟ፣ በሱቆቹ በኩል፤ እሷ በመኪናው በኩል። ሞተር ሳይክል እጅጌዋን ታክኮ አለፈ። ልጎትታት እጄን ሰነዘርኩና መለስኩት፤ ወዲህ ካመጣኋት ድምፄ በግራዋ ይቀራል፣ ከተውኳት መኪና አለ። መከሩን ሙሉ በዚህች አስፋልት ጠርዝ ስንሻማ የከረምነው ለካ በዚህ ነበር።

ማዶውን አየሁ። እዚያም የእግረኛ መንገድ አለ። ሁልጊዜም ነበረ። በዚያ በኩል ወደ ቤት ሲኬድ መኪናው በቀኝ ነው የሚሆነው።

«ነይ እንሻገር» አልኳት።

«ቤታችን እኮ በዚህ በኩል ነው አባዬ።»

«መጨረሻው ላይ መልሰን እንሻገራለን።»

ተሻገርን። እሷ በአጥሩ በኩል ሆነች፣ እኔ በመኪናው በኩል፣ በቀኟ። ሁለት ጊዜ ጎን ለመቀየር እግሯን አነሣች፤ ከዚያ አየችኝ፣ መንገዱን አየች፣ እግሯን መለሰች። እስከ ቤት ድረስ አወራችኝ።